ዘኪ ናሲፍ፦ የመንደሩን ዜማ ለትውልድ ያቆየ ሙዚቀኛ

በቤይሩት የኖረ ወገን ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ የዘኪ ናሲፍን ዜማ ሳይሰማ አልቀረም። ሕይወቱን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ዝናውን ለመድገም አይደለም፤ እርሱ ከሠራው፣ ከሞተም በኋላ ቤተሰቡ ካደረገው የምንማረው ስላለ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘኪ የተወለደው በምዕራብ በቃዕ፣ በመሽገራ ነው። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቤይሩት ዳርቻ፣ ወደ ዐይን ኧል ሩማኔ መጣ። ይሁን እንጂ የመንደሩ ዘፈን ከጆሮው አልወጣም። በ1930ዎቹ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ የሙዚቃ ተቋም ገብቶ የምዕራባውያንን ሙዚቃ ተማረ። ብዙ የተማረ ሰው የገበሬውን ዜማ በሚንቅበት ዘመን፣ ዘኪ ግን የቀሰመውን ጥበብ መልሶ ለዚያው ዜማ አገልግሎት አዋለው። በ1957 በበዓልበክ ፌስቲቫል የመጀመሪያው የሊባኖስ ምሽት ሲዘጋጅ፣ ከረሕባኒ ወንድማማቾችና ከተውፊቅ ኧል ባሻ ጋር ሆኖ የመንደሩን ጭፈራ፣ ደብኬን፣ በጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ መካከል አስረገጠው።

በ1975 የእርስ በርስ ጦርነቱ የተለኮሰው በዚሁ በዐይን ኧል ሩማኔ ነበር። ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ ከተማይቱ ለሁለት ስትከፈል፣ ዘኪ አገሩ ተመልሳ እንደምትገነባ የሚያበስር ዘፈን ደረሰ። ዘፈኑ የአንድ ወገን ሳይሆን የሁሉም ሆነ። በ1990ዎቹም ፌይሩዝ ዜማዎቹን ለብቻቸው በአንድ አልበም ዘፈነች።

ዘኪ በ2004 ዐረፈ። ቤተሰቡ ውርሱን በጓዳ ቆልፎ አላስቀረውም። በዚያው ዓመት፣ በተማረበት ዩኒቨርስቲ በስሙ የሚጠራ የሙዚቃ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በእጁ የጻፋቸው ኖታዎችም ከጊዜ በኋላ ወደ ዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ስለዚህ ዛሬ በቤይሩት ያለ ተማሪ የመሽገራን ዜማ ከኖታው አንብቦ ሊጫወት ይችላል።

እኛስ? በአገራችን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቆሟል። ነገር ግን ስንቱ አዝማሪና በገና ደርዳሪ ዜማውን ይዞ መቃብር ወርዷል! የስንቱስ ጽሑፍ በሣጥን ውስጥ የምስጥ ሲሳይ ሆኗል! ቤተሰብ ለልጁ ቤትና መሬት ያወርሳል፤ ዜማ ግን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚወረስ ሀብት አይደለም። ስለዚህ ለእረፍት ወደ አገሩ የሚገባ ጓድ ሁሉ የአያቶቹን ዘፈን፣ ከዘፋኙ ስምና ከመንደሩ ጋር፣ ቀርጾ እንዲመለስ አደራ እንላለን። የሰበሰብነውንም አንድ ቀን ለአገራችን ትምህርት ቤት እናስረክባለን።