ዶክተር ኤቫርትስ ግራሃም

እ.ኤ.አ. በ1883 በቺካጎ የተወለዱት ዶክተር ኤቫርትስ ግራሃም በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በ1933 ሳል የያዛቸው አንድ ሐኪም ወደ እርሳቸው መጡ። ራጅ በግራ ሳንባቸው ላይ ጥላ አሳየ፤ ከአየር ቧንቧቸው የተወሰደው ናሙናም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ግራሃም ሳንባውን በሙሉ አውጥተው ሕመምተኛውን አዳኑ።

አጫሽ ስለነበሩ ሲጋራ ለዚህ በሽታ መንስኤ ነው የሚለውን ሐሳብ በመጀመሪያ ተጠራጠሩት። ሆኖም ከወጣቱ ኧርንስት ዊንደር ጋር 684 ሕሙማንን አጥንተው በ1950 ያሳተሙት ጽሑፍ እውነቱን ገለጠላቸውና ማጨስ ተዉ። በ1957 ያው በሽታ በራሳቸው ላይ ሲገኝ ሁለቱንም ሳንባ ወርሶ ነበርና በዚያው ዓመት ዐረፉ። የታከሙት ሐኪም ግን ከእርሳቸው በኋላ ኖሩ። የአንደኛው ሕመም በጊዜ ታወቀ፤ የሁለተኛው ዘግይቶ ተደረሰበት። ስለዚህ የማይለቅ ሳል ያለበት ባልደረባችን ለመመርመር ሊዘገይ አይገባውም።