የጆን ሌነን የእምነት ቃልና መዘዙ

ሰው በፍርድ አደባባይ የሚሰጠው ቃል መዝገቡ ሲዘጋ አብሮ ተዘግቶ አይቀርም። በአንድ አገር ችሎት በችኮላ የተሰጠ የእምነት ቃል ባሕር ተሻግሮና ዓመታት ቆጥሮ በሌላ አገር ደጃፍ ላይ ተናጋሪውን ሊጠብቀው ይችላል። አባቶቻችን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለታቸው ለዚህም ጭምር ይሠራል። በየሠፈሩና በየሥራ ቦታው ከሚገኙት አንባቢዎቻችን መካከል ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ልጁ በአሜሪካ ሠርቶ የሚያድር ጥቂት አይደለም። በመሆኑም ጉዳዩን ከአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ጋር አያይዘን መመልከቱን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም ሰው እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ጆን ሌነን ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሌነን ኦክቶበር 9 ቀን 1940 ሊቨርፑል በተባለችው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ ሠራተኛ ስለነበሩ ልጃቸውን አጠገባቸው አድርገው ሊያሳድጉ አልቻሉም፤ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። እናቱም በ1958 በመኪና አደጋ ሞቱበት። ከሦስት የከተማው ልጆች ጋር የተጫወተበት ቢትልስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በ1960ዎቹ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ዝናው ናኘ።

ኦክቶበር 18 ቀን 1968 የለንደን ፖሊሶች ሌነን ከጃፓናዊቷ አርቲስት ከዮኮ ኦኖ ጋር ይኖርበት የነበረውን ቤት ፈትሸው ሐሺሽ አገኘን አሉ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ዮኮም አብራ ተከሰሰች። በእንግሊዝ የውጭ አገር ዜጋ በመሆኗ ከአገር ትባረርብኛለች የሚል ሥጋት በሌነን ላይ አደረበት። ከችሎቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም ጽንሱ ተጨናገፈ። ኖቬምበር 28 ቀን ሌነን ሐሺሽ በመያዝ ጥፋተኛ መሆኑን አመነ፤ ዮኮ በነጻ ተለቀቀች፤ እሱም 150 ፓውንድ ተቀጣ። ለስመ ጥሩ ሙዚቀኛ ገንዘቡ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ጉዳዩም በዚያው ያበቃ መሰለ። ነገር ግን ሴትዮዋን ከመባረር ለማዳን የተሰጠው ቃል ሰጪውን ራሱን ወደ መባረር የሚጎትት ገመድ ሆነ።

ሌነን በ1971 ኑሮውን በኒውዮርክ አደረገ። በዚያም የቬትናምን ጦርነት ከሚቃወሙ ወጣቶች ጎን ተሰለፈ። የ1972 ምርጫ 18 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት የሚመርጡበት ስለነበር የሌነን ድምፅ ለኒክሰን መንግሥት ደጋፊዎች የሚያሳስብ ሆነ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ወር ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ሰውየው ከአገር የሚወጣበት መንገድ እንዲታሰብበት ለመንግሥት ጻፉ። በማግሥቱ ወር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የማስወጣት ክስ መሠረተ። መሣሪያው ያ የለንደን የእምነት ቃል ነበር። በጊዜው የነበረው የአሜሪካ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ አደንዛዥ ዕፅ በመያዝ የተፈረደበትን የውጭ አገር ሰው፣ የዕፁ መጠን ምንም ያህል አነስተኛ ቢሆን፣ በቋሚነት እንዳይኖር ይከለክል ነበር። ከዚህ የምንገነዘበው የተዘነጋ የፍርድ መዝገብ ኃይል ባለው እጅ በፈለገው ሰዓት ሊመዘዝ የሚችል መሆኑን ነው።

በማርች 1973 የኢሚግሬሽን ዳኛ ለዮኮ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥቶ ሌነን በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወጣ አዘዘ። በዚሁ ዓመት ቤቱን ያስፈተሸው የለንደን ፖሊስ በሌላ ጉዳይ ተከሶ 4 ዓመት ተፈረደበት። ይሁን እንጂ ይህም የሌነንን የእምነት ቃል አልሠረዘውም። በጁላይ 1974 የይግባኝ ቦርዱ ትእዛዙን አጸና።

ጠበቃው ሊዮን ዋይልድስ የተከተሉት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቃሉ አልተሰጠም ብለው አልተከራከሩም፤ ሌነን ያመነው በትክክል ምን እንደሆነ ጠየቁ እንጂ። በ1968 ይሠራበት በነበረው የእንግሊዝ ሕግ አንድ ሰው የያዘው ነገር ዕፅ መሆኑን ሳያውቅ እንኳ ጥፋተኛ ሊባል ይችል ነበር። ኦክቶበር 7 ቀን 1975 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የአሜሪካው ሕግ ግን እያወቀ የያዘውን ብቻ እንደሚመለከት ተረድቶ፣ በሁለት ድምፅ ለአንድ የማስወጣቱን ትእዛዝ ሻረ። ሌነን ጁላይ 27 ቀን 1976 የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አገኘ። ኑሮውን ባጸናበት በኒውዮርክም ዲሴምበር 8 ቀን 1980 በ40 ዓመቱ በጥይት ተገደለ።

እዚህ ላይ ልንዘነጋው የማይገባ ሐቅ አለ። ሌነን አራት ዓመት ሙሉ ጠበቃ ማቆም የሚያስችል ገንዘብና ስሙን የሚያውቅ ሕዝብ ነበረው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ወይም ሆቴል የምታጸዳው ስደተኛ ይህ የላቸውም። በአሜሪካ አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚያልቀው በክርክር ሳይሆን በእምነት ቃል ነው። ከአገር የማስወጣት ጉዳይ ግን እንደ ወንጀል ስለማይቆጠር ድኻው መንግሥት የሚያቆምለት ጠበቃ የማግኘት መብት የለውም። በ1996 የወጡት ሕጎችም የሚያስባርሩትን ጥፋቶች አበዙ፤ ዳኛ ሊምር የሚችልበትንም በር አጠበቡ። ዛሬ በእስር ፋንታ ገደብ አግኝቼ ወደ ቤቴ ልሂድ ብሎ ያመነ ሰው፣ ነገ ልጆቹን ትቶ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ የተገኘ ድል አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲያ በኬንተኪ በተባለው መዝገብ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ማመኑ ከአገር የሚያስባርረው መሆኑን አስቀድሞ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ይህ ያልተነገረው ሰው ፍርዱ እንዲሻር ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም በ2013 ይኸው ፍርድ ቤት ከውሳኔው በፊት የመጨረሻ የሆኑ ፍርዶች በዚህ እንደማይጠቀሙ ገለጸ። በ2017 ደግሞ አመልካቹ መዘዙን ቢያውቅ ኖሮ ማመኑን ትቶ ክርክርን ይመርጥ እንደነበር በጊዜው በነበረ ማስረጃ እንዲያሳይ ጠየቀ። ለአቤቱታው የተወሰነው ጊዜም አጭር ነው። ስለዚህ ከኋላ የሚደረግ ክርክር የሚቻል ቢሆንም ዳገት ነው።

እንግዲህ የትግሉ ስፍራ ቃሉ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ነው። በዚያ አገር የምትኖር እኅት ወይም የሚኖር ወንድም ክስ ቢገጥማቸው፣ የቅጣቱን ማነስ አይተው ከማመናቸው በፊት ነገሩ ከአገር የሚያስወጣቸው መሆን አለመሆኑን የወንጀል ጠበቃቸውንም የኢሚግሬሽን ሕግ አዋቂንም ይጠይቁ። ቃላቸውን የሰጡም ካሉ ቀኑ ሳያልፍባቸው መዝገባቸውን ይዘው ምክር ይሹ። ዘመድ ያለን ሁሉ ይህን ማስገንዘብ የእኛም ድርሻ ነው። ሌነን ለ150 ፓውንድ መቀጮ ያመነውን ቃል መዘዝ ለማራቅ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ አቅም የሌለው ወገናችን ግን ያን ያህል ጊዜ አይሰጠውም።