ፍሬድሪክ ዳግላስ፦ ከባርነት እስከ አናኮስቲያ ኮረብታ

በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ከተማውን ቁልቁል የሚመለከት ኮረብታ አለ። በአናቱ ላይ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ይታያል። ታክሲ የሚነዱ አባሎቻችን መንገዱን አሳምረው ያውቁታል፤ ዳሩ ግን ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያኮራ አይመስለኝም። ይህ ሴዳር ሂል የተባለው ቤት የፍሬድሪክ ዳግላስ መኖሪያ ነበር። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ስሙን ይዘው ይመጣሉና ወላጆችም ታሪኩን ብናውቀው መልካም ነው በማለት ይህን ጽሑፍ ለ10ኛ ዓመት መጽሔታችን አዘጋጅቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳግላስ የተወለደው በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቶልበት አውራጃ በ1818 ነው። ቀኑን እርሱም አያውቀውም ነበር። ባሮች ዕድሜያቸውን በዘርና በመከር ወቅት ይገምቱ እንደሆነ እንጂ የልደት ቀናቸውን የሚነግራቸው አልነበረም። እርሱም በ1817 የተወለደ ይመስለው ነበር፤ ትክክለኛው ዓመት የታወቀው እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የጌታው የንብረት መዝገብ ሲመረመር ነው። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ ራቅ ባለ እርሻ ትሠራ ስለነበረ ልጅዋን የምታየው ሌሊት በእግሯ ተጉዛ መጥታ፣ ከጎኑ ጥቂት ጋደም ብላ፣ ሳይነጋ በመመለስ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተችበት። አባቱ ነጭ እንደነበረ ይነገራል፤ ማንነቱ ግን በእርግጥ አልታወቀም። በጨቅላነቱ ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ናት። ከእርሷ ከተለየ በኋላ በብርድ ወራት ልብሱ አንድ ረጅም ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ሌሊት እህል በሚጫንበት ጆንያ ውስጥ ራሱን አስገብቶ እግሩን ውጭ ትቶ ይተኛ ነበር።

በስምንት ዓመቱ ወደ ባልቲሞር ተላከ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ከዚያ በፊት ባሪያ አሳድራ አታውቅም ነበርና ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባልዋ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ማንበብ የሚያውቅ ባሪያ ከእንግዲህ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁ ግን ቆሞ ይሰማ ስለነበር የነጻነት መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ያወቀው ከዚያ ቁጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳቦ በኪሱ ይዞ እየወጣ ለተራቡ የነጭ ድኆች ልጆች ዳቦውን ሰጥቶ ንባብ ይቀበል ነበር። መጻፍንም የጀመረው በመርከብ መሥሪያው ግቢ አናጢዎች በሳንቃ ላይ የሚያሰፍሩትን ፊደል በመገልበጥ ነው።

በ1834 ኤድዋርድ ኮቪ ለተባለ ገበሬ ተከራየ። የዚህ ሰው ዝና አልገዛ ያሉ ባሮችን በጅራፍ መግራት ነበር። ለስድስት ወራት ያለማቋረጥ ገረፈው። አንድ ቀን ግን የ16 ዓመቱ ልጅ ጉሮሮውን አንቆ ያዘው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ታገሉ። ኮቪ ለሹማምንት ቢናገር የገሪነት ስሙ ሊጠፋበት ነውና ነገሩን ዋጥ አደረገው፤ ዳግመኛም እጁን አላነሳበትም።

ወደ ባልቲሞር ተመልሶ የመርከብ ሳንቃ ስንጥቅ የመድፈን ሙያ ተማረ። የሳምንት ደመወዙን ግን ቅዳሜ ማታ ቆጥሮ ለጌታው ያስረክብ ነበር። በዚህ ጊዜ አና መሪ የምትባል፣ በሰው ቤት የምትሠራ ነጻ ጥቁር ሴት ወደደ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አና የሚሉት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያጠራቀመችውን ገንዘብ ባትሰጠው ኖሮ ማምለጡ ያጠራጥራል። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ነጻ ጥቁር መርከበኛ ወረቀት ተውሶ፣ መንቀሳቀስ በጀመረ ባቡር ላይ ዘሎ ወጣ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመልክ ምልክት ከእርሱ ጋር አይገጥምም ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን በጨረፍታ አይቶ መለሰለት። አንድ የሚያውቀው ጀርመናዊ ቀጥቃጭም በባቡሩ ውስጥ ትኩር ብሎ አይቶት ዝም አለ። በማግሥቱ ኒው ዮርክ ገባ። የወረቀት ነገር ሲነሳ የእኛ ሰው የዚያን ባቡር ጭንቀት ሳይነገረው የሚረዳ ይመስለኛል።

አና ተከትላው መጥታ በኒው ዮርክ ተጋቡ። ያጋባቸው ቄስ ፔኒንግተን ራሱ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነበር። ወደ ኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ሄዱ፤ የቀድሞ ስሙ ቤይሊ ያስይዘው ስለነበር እዚያ ዳግላስ ተባለ። ባለሙያ ሆኖ ሳለ ነጮቹ ሠራተኞች ከእርሱ ጋር አንሠራም ስላሉ እንጨት ሰነጠቀ፣ የድንጋይ ከሰል ተሸከመ፣ የጭስ መውጫ ጠረገ። የመጀመሪያውን ገንዘብ ተቀብሎ ማንም ጌታ እጁን እንደማይዘረጋበት ሲያስብ የተሰማውን ደስታ ከሃያ መጽሐፍ በላይ የሚገልጸው ነገር የለም።

በ1841 በናንተኬት ደሴት በተደረገ የፀረ ባርነት ስብሰባ ላይ ተነስቶ እየተንቀጠቀጠ ታሪኩን ተናገረ። የዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ማኅበርም ተናጋሪ አድርጎ ቀጠረው። አንደበቱ እጅግ ያማረ ከመሆኑ የተነሳ ባሪያ አልነበረም የሚሉ ስለበዙ በ1845 የጌቶቹን ስምና የኖረበትን ቦታ ሳይደብቅ መጽሐፍ አሳተመ። ይህም ማለት አድራሻውን ለአሳዳጆቹ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ሄደ፤ በዚያ ያሉ ወዳጆቹ በ1846 መጨረሻ 150 ፓውንድ አዋጥተው ነጻነቱን ገዙለት። ሰውን መግዛት ባርነትን መቀበል ነው ብለው የተቃወሙ የትግል ጓዶቹ ነበሩ። በመርሕ ደረጃ እውነት አላቸው፤ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጠው ግን እርሱ እንጂ እነርሱ አልነበሩም። እንዴት እንዳመለጠ ግን በመጽሐፉ አልገለጸም፤ ለሌሎች መንገዱ እንዳይዘጋ ብሎ እስከ 1881 ድረስ ዘዴውን ደብቆ ኖረ።

በ1847 በሮቸስተር ከተማ የራሱን ጋዜጣ ጀመረ፤ ቤቱም ወደ ካናዳ ለሚሸሹ ሰዎች ማረፊያ ሆነ። በ1848 በሴኔካ ፎልስ ሴቶች የምርጫ መብት ሲጠይቁ ደግፎ ተናገረ። ኋላም ሕገ መንግሥቱን ለትግሉ መሣሪያ እናድርገው በማለቱ ከጋሪሰን ጋር ተጣላ፤ ጠባቸውም መረር ያለ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጥቁር ወታደሮችን መለመለ፤ ሁለት ልጆቹንም ላከ። ለነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር፣ ለጥቁር ግን 10 ዶላር ተከፍሎ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥ ነበርና በ1863 ፕሬዚዳንት ሊንከንን ፊት ለፊት ጠየቀ። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋው ሕዝብ ከባርነት የወጣበት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1865 ጸደቀ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም ማለት ይገባኛል። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር የሌላ ሕዝብ ኃጢአት ብቻ አስመስለን ብንነግር ውሸት ይሆናል። በአገራችን በ1924 ስለ ባሮች ነጻነት ሕግ ቢወጣም፣ ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1942፣ ከአሜሪካ 77 ዓመት ዘግይቶ ነው። ቃሉም እስከ ዛሬ ከስድባችን አልወጣም።

ዳግላስ ሁሉ የተሳካለት ሰው አልነበረም። በ1874 ነጻ የወጡ ሰዎች የሚቆጥቡበትን ባንክ በፕሬዚዳንትነት ሲረከብ ሂሳቡን አስቀድሞ አልመረመረም። የራሱን 10,000 ዶላር ቢያበድርም ባንኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ከ60 ሺህ በላይ ቆጣቢዎች ገንዘባቸው ተያዘባቸው። ዕቁብ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

በ1877 የዋሽንግተን ማርሻል ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ጌታው ቶማስ ኦልድ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ ሊጠይቀው ሄደ። ሽማግሌው በማዕረጉ ጠራው፤ በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንቱ ማለቱ ነው። ዳግላስ ግን እንደ ድሮው ፍሬድሪክ በለኝ አለው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዳግላስ በመጽሐፉ አያቴን በእርጅናዋ ጥለሃታል ብሎ ከስሶት ነበርና ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበረ ሲረዳ ስሕተቱን አመነ። አንዳንድ ጥቁሮች ይህን ጉብኝት አልወደዱለትም።

አና በ1882 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄለን ፒትስ የተባለች ነጭ ሴት ሲያገባ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ተቆጣ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 በሴቶች ጉባኤ ላይ ውሎ ወደ ሴዳር ሂል ተመለሰ፤ ስለ ዋለበት ስብሰባ ለሄለን እያወራ ሳለ በመተላለፊያው ላይ ወድቆ ሞተ። ቤቱን ለትውልድ እንዲቆይ የደከመችው እርሷ ናት። ዛሬ የመንግሥት ሙዚየም ነው፤ ቫዮሊኑና መጻሕፍቱ ይታያሉ። ወደ ቤቱ የሚያወጣው ደረጃ ብዙ ነውና አረጋውያንን ይዞ የሚሄድ ቀስ እያለ ያውጣቸው።