ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ በሸክላ የቀረው ድምፅ

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ቤተ ክርስቲያኑንና ፍርድ ቤቱን ነው። በዚያ በሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ክስና መልስ በጽሑፍ ተሰናድቶ፣ በመዝገብ ቁጥር ተለይቶ ይቀርባል። በጥንቱ ሥርዐት ግን ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ፣ ቤት በሚመታ ቃል ይሟገቱ ነበር። ሙግቱም በላ ልበልሃ ይባል ነበር። ዳኛውና በዙሪያው የተሰበሰበው ሕዝብ የነገሩን እውነትነት ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩንም ብስለት ይመዝን ስለ ነበር፣ የተበደለ ሰው በደሉን በግጥም መናገሩ ለአገሩ ልማድ እንግዳ አልነበረም።

በላ የምትለው ቃል ራሷ የዚህን ጥበብ ምስጢር ትገልጣለች። ላ ሲላላ ተናገር እንግዲህ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን የሰው ገንዘብ የወሰደውን፣ ርስት የነጠቀውን ሰው ይከስሳል። በፊደል ሲጻፍ ሁለቱ አይለያዩም፤ የሚለያቸው ድምፅ ብቻ ነው። ሰምና ወርቅ የተባለው የአነጋገር ስልት በአብዛኛው የቆመው በእንዲህ ዓይነቱ ኅብረ ቃል ላይ ነው። የዛሬ ወጣቶች ራፕ በሚሉት የዜማ ንግግር የኑሯቸውን መራራነት ሲገልጡ ሥራው ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን የሕይወት ታሪክ መመልከት ይገባዋል።

ተሰማ እሸቴ በ1868 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር የጤፍ አገር ብቻ ሳይሆን የግጥም አገርም ነው። በእርሻው፣ በአውድማውና በሠርጉ ቃል እየተቀባበለ የሚገጥም ሕዝብ የሚኖርበት ስለ ሆነ፣ ተሰማም የቃል ችሎታቸውን ከዚያው ከሕዝቡ አፍ የቀሰሙ ሰው ነበሩ። ኋላም ወደ ቤተ መንግሥት ቀርበው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሚታወቁት ጎልማሶች አንዱ ሆኑ።

በዚያን ዘመን የአዝማሪ ሙያ ሁለት ፊት ነበረው። አዝማሪ በግብር አዳራሽ ይፈለጋል፤ ሹሙን ያወድሳል፤ ድፍረት ሲኖረውም በውዳሴው ውስጥ ወቀሳ ሸፍኖ ያስገባል። ይሁን እንጂ ከአዳራሹ ሲወጣ በንቀት ይታያል፤ ስሙም እንደ ስድብ ይቈጠራል። ተሰማ እሸቴ በአዝማሪነት የሚተዳደሩ ሰው አልነበሩም። መሰንቆውን ያነሡት ለእንጀራ ሳይሆን ለጥበቡ ባላቸው ፍቅር ነበር። አንድ የቤተ መንግሥት ሰው የተናቀውን መሣሪያ ሳያፍር መያዙ በራሱ ለሙያው ክብር የሰጠ ሥራ ነው።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ፤ ከነዚህም አንዱ ከጀርመን የመጣ ነበር። አዲሱን መኪና የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ስላስፈለገ፣ ዐፄ ምኒልክ ተሰማን የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። ለሞተር ትምህርት የሄዱት ሰው ግን ከሞተር የበለጠ ታሪክ ሠርተው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በሸክላ ድምፁን ያስቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ተብለው የሚታወቁትም በዚህ ነው።

የሸክላ ቅጂ በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን አልነበረውም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንደ መለከት ፊት ቆሞ በኀይል ይዘፍናል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን እያንቀሳቀሰ ለስላሳ ሰም ላይ ፈለግ ያወጣል፤ ከሰሙም በብረት ቅርጽ ተወስዶ ሸክላው ይታተማል። አንዱ የሸክላ ፊት የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዜማ ብቻ ነው። በአገሩ ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበለ ይዘፈን የነበረው ግጥም በዚያች አጭር ጊዜ መወሰን ነበረበት። የሰምና ወርቅ ባለሙያ ድምፅ በሰም ላይ መቀረጹም ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው።

ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከአልጋ ወራሹ ከልጅ ኢያሱ ጋር ቅርብ ሆኑ። በልጅ ኢያሱ ዘመንም የነጋድራስነት ማዕርግና የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትርነት ሹመት አገኙ። ይሁን እንጂ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ከአንድ ወር በኋላም የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነ። የኢያሱ ወዳጅ መሆን ትናንት ለሹመት እንዳላበቃ፣ ከዚያ ወዲህ ለጥፋት ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ። ነጋድራስ ተሰማም ሹመታቸው ተገፈፈ፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ እስራትና ግዞት ደረሰባቸው። ስመ ጥሩው የስፖርት ሰው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት ከዋና ከተማው ርቆ፣ በጅማ ነበር።

የነጋድራስ ተሰማ ቅኔ ትርጉሙ የጠለቀው ከዚህ በኋላ ነው። በአዳራሹ የነበሩት ሰው የተወረሰ ሰው ሲሆኑ ምን ዓይነት አነጋገር እንደሚያስፈልጋቸው መገመት አያዳግትም። በግልጽ ቢያማርሩ ሌላ ቅጣት ይከተላል። ዝም ቢሉ በደሉ እንደ ተገቢ ፍርድ ይቈጠራል። በሰምና ወርቅ የተናገሩት ግን ከሁለቱም ያመልጣል፤ ሹሙ ሰሙን ሰምቶ ይስቃል፤ የተበደለው ወርቁን ሰምቶ ይተክዛል። ስለዚህ ሰምና ወርቅ የቃላት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ ያጣ ሰው የሚያቀርበው አቤቱታ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ቃል ብርታት ከሁሉ ይልቅ የታየው በፋሽስት ወረራ ዘመን ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ የጣሊያን ሹማምንት በአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያደኑ እንዲገድሉ ታዘዙ። መሰንቆ ብቻ የያዘን ሰው መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት መፍራቱ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ጠላት የተረዳው ነገር ትክክል ነበር። ጋዜጣ በማይደርስበት አገር ዜናውን የሚያደርሰውና ልብ የሚያነሣሣው አዝማሪው ነበርና።

ነጋድራስ ተሰማ ያንን ዘመን አልፈው ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የምኒልክን፣ የኢያሱን፣ የዘውዲቱንና የኀይለ ሥላሴን ዘመን ያዩ አዛውንት ሆነው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ይድነቃቸውም የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው ለትውልድ እንዲተላለፉ አደረጉ። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት የመሩ፣ በደቡብ አፍሪካ የነበረውን የዘር መድልዎ አጥብቀው የተቃወሙ ሰው፣ የተበደለ አባታቸውን ቃል ከመጥፋት ለማዳን መድከማቸው የሚገባ ነው። የጀርመን ሸክላዎቹም ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር በሚወጣው የኢትዮጲክስ ተከታታይ ኅትመት በ27ኛው ቅጽ ተሰብስበው እንደ ገና ተሰምተዋል።

ነጋድራስ ተሰማ ባረፉ በ9 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ክረምት፣ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ክፍል አንድ ወጣት ለእኅቱ ግብዣ ሸክላ አጫወተ። ራፕ የተባለው ሙዚቃ መነሻውን ከዚያ ቀን ይቈጥራል። ብሮንክስ በመካከሉ በተቀደደ ሰፊ የመኪና መንገድ ምክንያት ብዙ ቤት የፈረሰበት፣ ሥራ የጠፋበት፣ ሕንፃዎቹ የተቃጠሉበት ሰፈር ነበር። መሣሪያ መግዣ ያልነበራቸው ወጣቶች ሸክላውን ራሱን መሣሪያ አደረጉት፤ በእጃቸው እያሽከረከሩም በምቱ ላይ የኑሯቸውን ነገር ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው መልእክቱ የተባለው ዘፈን የዚያን ሰፈር ድህነት ለዓለም አሰማ። ልደታም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የቀድሞ መንደሩ ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተሠሩበት ሰፈር ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በተለያየበት እንዲህ ባለ ስፍራ የሚያድግ ወጣት የሚገጥመው ቃል ቢኖር፣ ከብሮንክሱ ወጣትም ከምንጃሩ ባለቅኔም ጋር ዝምድና አለው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን የሙያ ባልደረቦች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሸክላው የያዘው ከሹመትና ከግዞት በፊት የነበረውን፣ በንጉሡ ተልኮ በደህና ዘመን የዘፈነውን የጎልማሳውን ድምፅ ነው። የተወረሰው፣ የታሰረውና የተጋዘው ሰው ግጥም የደረሰን በሰው ትዝታና በወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ የጠበቀውን ከላላው አይለይም። ቃሉ ቢቀርም ወርቁን ከሰሙ የሚለየው የአንደበት ጥብቀት፣ ትንፋሹና ዝምታው ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል። መቅረጫ ወደ ተደላደለው ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ወደ ተበደለው ሰው ግን ይዘገያል። ዛሬ መቅረጫው በየሰዉ ኪስ ስለ ሚገኝ፣ የችግረኛውን ሰፈር ግጥም ከነድምፁ፣ ከነአጠባበቁ ሳይዘገዩ ማስቀረት ለባለሙያው የተተወ ሥራ ነው። ለነጋድራስ ተሰማም ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ይኸው ይሆናል።