ጀምስ ብሩስ በጎንደር፤ ምርመራው፣ ጥንቃቄውና መዝገቡ

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹን ይዞ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቁስቋም ፍርስራሽ የሚሄድ የሳይንስ መምህር፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ሌላ የሚያስተምረው ነገር አለው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የመረመረበትና የተጠነቀቀበት ስፍራ ነውና።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ተወለደ። በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል፤ ዐረብኛና ጥቂት ሕክምናም ተምሯል። በ1769 ከምጽዋ ሲነሣ ከጓዙ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ከባድ መሣሪያ ነበር፤ በታራንታ ዳገት እርሱ ራሱ ጭምር ተሸክሞታል። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ሊማሊሞን አልፎ ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ በሐለብ ከተማ ከነበረ ሐኪም ወዳጁ የተማረውን ደንብ ተከትሎ በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የዕጣኑ ጭስ የፈንጣጣን ቫይረስ ያጠፋ ነበር ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አየር ማዘዋወርና ንጽሕናን መጠበቅ ስለ ጀርም ገና ባልታወቀበት ዘመን የተሠራባቸው፣ ዛሬም ከላቦራቶሪ ደንቦች የማይቀሩ ናቸው።

ይልቁንም ዝናው የናኘው በሻማው ነው። በጠመንጃ ተኳሽነቱ የሚመካ አንድ የራስ ሚካኤል ዘመድ ሲገዳደረው፣ ብሩስ በጥይት ፋንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሶ በንጉሡ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት ሦስት ጋሻ በሳ፤ ቀጥሎም የሾላ ጠረጴዛ በሳ። ነገሩ ምትሐት አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለስላሳውም ነገር ለመጨፍለቅ ጊዜ አያገኝም። ክርክርን በምስክሮች ፊት በሙከራ መፍታቱ ያስመሰግነዋል። ባሩዱ ግን ወደ ክፍል የሚገባ አይደለም። ተማሪዎች ተመሳሳዩን ነገር በጥሬ ድንችና በመጠጫ ስትሮ ሊያዩት ይችላሉ፤ ቀስ ብለው ሲገፉት ስትሮው ይታጠፋል፣ በፍጥነት ሲወጉት ይሰርጋል። ድንቹን የሚይዘው ልጅ መዳፉን ከስትሮው መውጫ አንጻር እንዳያደርግ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ከሻማው ይልቅ ለወጣት ተመራማሪ የሚጠቅመው ግን ማንም ያላጨበጨበለት ሥራ ነው። የጎንደርን ዝናብ በ1770ና በ1771 እየለኩ መዘገቡ። ዕፅዋት በጥንቃቄ ተሣሉ፤ ተቅማጥ የሚፈወስበት ዋጊኖስ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የብሩስን ስም ይዟል።

የሥዕሉን ሥራ በብዛት የሠራው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። በኅዳር 1770 ብሩስ ግሽ ዓባይ ሲደርስ አብሮት ነበር፤ በ1771 መጀመሪያ በጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያሳትም ባልደረባው ምንጩ ዘንድ መገኘቱን ሳይናገር ቀረ። በ1618 ስፍራውን ያየውን ፔድሮ ፓኤዝንም ለመቀበል አልፈለገም። በአገሩ እንደ ተረት አውሪ ሲሳቅበት እጅግ የተቆጣው ይህ ሰው፣ ለሌሎች የሚገባውን ምስክርነት መንፈጉ ከሥራው ሁሉ ደካማው ነው፤ ኋላ የመጡ ተጓዦች ብዙውን ቃሉን እውነት ሆኖ አግኝተውታል።

በሚያዝያ 1794 እንግዳ ለመሸኘት ከቤቱ ደረጃ ሲወርድ እግሩ አዳልጦት ወደቀና ሞተ። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በሥዓሊው ስም ይገኛሉ።