ሙሴ ኢልግና የመንግሥት መልክ በወረቀት ላይ

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተምረው ከጨረሱ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓን ጥበብ የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈልጉ ጥሪው ደረሳቸውና በ1871 ዓ.ም. ከሁለት ባለ እጆች ጋር አንኮበር ገቡ።

የኢልግ ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው በአዋሽ ወንዝ ላይ ያሠሩት ድልድይ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገቡት የቧንቧ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠው የጅቡቲ የባቡር መንገድ ነው። ሆኖም ከብረቱና ከድንጋዩ ጎን ለጎን የሠሩት፣ እምብዛም የማይወሳ ሌላ ሥራ አለ። ይኸውም የአንድን መንግሥት መልክ በፎቶግራፍና በሕትመት ለዓለም ማሳየት ነው። ዛሬ ራሱን ችሎ የሚሠራ የሕትመት ነዳፊና የማስተዋወቂያ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያከናውነውን ተግባር፣ እርሳቸው ያን ጊዜ ስም ሳይወጣለት ፈጽመውታል።

ሥራው የቅንጦት አልነበረም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመውን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ምክንያት በማድረግ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት ስታሳውቅ፣ ካርታዎችም በዚሁ መልክ ይታተሙ ነበር። በወረቀት የቀረበውን ክስ ደግሞ በወረቀት መመለስ ያስፈልግ ነበር። የራሱን ገንዘብና የራሱን ቴምብር የሚያወጣ መንግሥት ራሱን የቻለ መሆኑ በእያንዳንዱ ደብዳቤና በእያንዳንዱ ብር ላይ ይመሰከርለታልና።

ስለዚህ ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆነው የፖስታውን ሥራ ሲያደራጁ ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ። ቅርጹን ያወጣው ታዋቂው ቀራጭ ዩጂን ሙሾን ነበር። ከሰባቱ ቴምብሮች አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን መልክ፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ ይዘው በ1887 ዓ.ም. ወጡ። በዚያው ዘመን በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ደግሞ በሻፕላን እጅ ተቀረጸ። ነዳፊ፣ ቀራጭ፣ አታሚና ደንበኛ በሺህ ኪሎ ሜትር በተራራቁበት በዚያ ዘመን፣ በመካከል ቆሞ ፍላጎትን ወደ ሥራ የሚለውጥ ሰው አስፈላጊነቱ ግልጽ ነው። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በተገኘ ጊዜ ቴምብሮቹ ቀድመው ወጥተው ነበር።

ቴምብሮቹ ግን በውጭ አገር ሙሉ ዋጋ ያገኙት ቆይተው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል እስከ ሆነችበት እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ባሕር ተሻጋሪ ደብዳቤ የፈረንሳይን ቴምብር ጨምሮ መለጠፍ ነበረበት። መልክ ብቻውን አሠራርን አይተካም።

በፎቶግራፍ ረገድም ኢልግ ትጉህ ነበሩ። በዚያ ዘመን ምስል የሚነሣው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ሰሌዳው ከባድና ተሰባሪ ሲሆን፣ ለማጠቢያው ጨለማ ክፍልና ንጹሕ ውሃ ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኙት ምስሎች ቤተ መንግሥቱን፣ መኳንንቱን፣ ገበያውንና የዕለት ኑሮውን አቆይተውልናል።

ይሁን እንጂ መልኩን ማን መረጠው የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው። ቴምብሩና ብሩ በተዘጋጁበት ዘመን ከሐዲያ እስከ ከምባታ ያለው አገር በዘመቻ ወደ ግዛቱ ይጠቃለል ነበር። ሐሰን እንጃሞም ብርቱ መከላከል አድርገው ነበር። አንበሳውና ዘውዱ የእነዚህም ሕዝቦች መለያ ተብለው ለዓለም ቀረቡ፤ ይሁንና በምርጫው የተጠየቀ ሐዲያ ወይም ከምባታ አልነበረም። ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችበት በዛሬው ዘመን በዚያ አካባቢ መንገድ የሚቀይስ፣ ውሃ የሚያስገባ ባለሙያ ይህን ታሪክ ሊያስብበት ይገባል፤ የአንድ አገር ሥዕል የሚነሣው ካሜራው በቆመበት በኩል ነውና።

ኢልግ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው በውጭ ጉዳይ አገለገሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ከሥራው ተሰናበቱ። እ.ኤ.አ. በ1916 በዙሪክ ሲያርፉ የደከሙለት ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው በዓመቱ ነው። ፎቶግራፎቻቸው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ጥናት ሙዚየም ተጠብቀዋል። ድልድይና ሐዲድ በዘመን ያረጃል፤ በጥንቃቄ የተቀመጠ የሥራ ምስል ግን ሠሪውም ያሠራውም ካለፉ በኋላ ይመሰክራል።