ኢብኑ ሲና እና የአካል ቦታ

ብርጭቆን እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ ጠጠር ብትጨምሩበት ውሃው ይፈሳል፤ ሁለት አካላት በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ሊይዙ አይችሉምና። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ አቡ ዐሊ ኢብኑ ሲና ናቸው።

እኚህ ሊቅ በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ980) በቡኻራ አካባቢ አፍሸና በተባለች መንደር ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው ቁርኣንን አጠናቀቁ። ነገር ሲጠናባቸው ወደ መስጂድ ሄደው ይሰግዱና አላህ እንዲገልጥላቸው ይለምኑ ነበር። የአሪስቶትልን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አንብበው ሳይገባቸው ቆይቶ፣ በ3 ድርሃም የገዟት አነስተኛ የአል-ፋራቢ መጽሐፍ ፈታችላቸው። በማግስቱም ለምስጋና ለድሆች ሶደቃ ሰጡ።

በሐመዳን ቀን በመንግሥት ሥራ፣ ሌሊት በማስተማር እየደከሙ አሽ-ሺፋእ የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን ጻፉ። በፈርደጃን ምሽግ 4 ወር ታስረውም ብዕራቸውን አልጣሉም። በዚያ መጽሐፍ አካልን ከአካል የሚከለክለው ቁሱ ራሱ ሳይሆን ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ነው ሲሉ አስረዱ። ባዶ ቦታም ቢኖር ርዝመትና ስፋት ስለሚኖረው አካል አያስገባም፤ እንግዲህ ባዶ ቦታ የለም ብለው ደመደሙ።

ይህ ድምዳሜ አልጸናም። ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ በሜርኩሪ ቱቦ አየር የሌለበት ቦታ አሳየ። በ1925 ፓውሊ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ አብረው ሊገኙ እንደማይችሉ አስታወቀ። በ1967 ደግሞ ዳይሰንና ሌናርድ ቁስ ወደ ራሱ ሳይደረመስ የሚጸናው በዚሁ ሕግ መሆኑን በሒሳብ አረጋገጡ። መልሱ ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን ያው የጥንቱ ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ በ1095 በጻፉት መጽሐፍ ኢብኑ ሲናንና መሰሎቻቸውን በሦስት ጉዳዮች እጅግ አጥብቀው ኮንነዋል። ሆኖም በሒሳብ የተረጋገጠውን የግርዶሽ ዕውቀት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ እዚያው አስጠንቅቀዋል።

ኢብኑ ሲና በ428 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) በረመዳን ወር በሐመዳን አረፉ። እናንተስ አንባብያን፣ ልጃችሁ ጠጠሩ ውሃውን ለምን ገፋው ብሎ ሲጠይቃችሁ ዝም በል ትሉታላችሁን? ወይስ አብራችሁት ትመረምራላችሁ? ሊቁ ከነስህተታቸው የሚታወሱት ስለ ጠየቁ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።